ቀልቶ ከገባ አይጎዳም

ጅግጅጋ ይበርዳል። ይህን ስናገር የመሐል አገር ሰው ይስቃል። ሶማሌ ክልል ሲባል የሚታየው አሸዋና ግመል ብቻ ነው። ወደ መሥሪያ ቤታችን ተዛውረው የሚመጡ ሠራተኞች አንድ አንሶላ ይዘው ይመጡና፣ ኅዳር ሲገባ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ።

«እትዬ፣ ይኼ ነፋስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከካራማራ ተራራ።»

«መቼ ነው የሚቆመው?»

«ጥር ሲያልቅ።»

እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት። አባቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመዝገብ ቤት ነው፤ ፋይል ስከፍት፣ ቁጥር ስሰጥ፣ የወጣውን ስጠብቅ፣ የተመለሰውን ስረከብ። ብርዱንም ፋይሉንም አውቃቸዋለሁ።

ጥያቄው በየዓመቱ አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የቱ ይሻላል፣ የሽቦው ወይስ ዘይት ያለበት? ማሞቂያው ሲሰካ ብሬከሩ ለምን ይወርዳል? የሻወሩ ውሃ ማሞቂያ ለምን ይነዝራል? ወሬ አላበዛም። አንድን ነገር ለአሥር ሰው አሥር ጊዜ መንገር ይሰለቸኛል። ስለዚህ አንድ ኅዳር ላይ አዲስ ፋይል ከፈትኩ። ሽፋኑ ላይ «ብርድ» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡን እንደ ሥራዬ አደረግኩት። ለአንድ ጥያቄ አንድ ገጽ፤ ገጹ ቁጥር አለው፤ ከጥያቄው በታች መልሱ፣ ከመልሱ በታች መልሱን የሰጠው ሰው ይጻፋል።

ሰው ወደደው። ጥበቃው ጠየቀ፣ ሻይ የምታፈላው መለሰች። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ቁጭ ብሎ ሁለት ገጽ አጻፈኝ። በሶማሌላንድ በኩል የሚገባው ማሞቂያ መሰኪያው ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፤ ከግድግዳችን ጋር አይገጥምም። ሰው ሁሉ ማስማሚያ፣ አዳፕተር የሚሉትን፣ ይገዛለታል። ማስማሚያው ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። «ማስማሚያውን ተዉት፣ መሰኪያውን ራሱን አስቀይሩ» አለ፤ ጻፍኩት። ያ መልስ ስንት ቤት ከእሳት እንዳዳነ እግዚአብሔር ይወቅ። ከቱሊ ጉሌድ ወረዳ ለጉዳይ የመጣ ሰው የራሱን ጉዳይ ትቶ ይህን ፋይል ቆሞ ሲያነብ አይቻለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፤ እኮራም ነበር።

አራተኛው ገጽ የእኔ ነው። ጥያቄው «ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ይጎዳል?» ይላል። ይህን ማንንም ሳልጠይቅ መለስኩት። «ከሰሉ ደጅ ይቀጣጠል። ጭሱ ወጥቶ እስኪያልቅ ይቆይ። ቀልቶ ከገባ አይጎዳም።» መልሱን የሰጠው በሚለው ቦታ «እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ምድጃውን ደጅ አውጥተን በካርቶን እናራግባለን፤ ጭሱ ሲያልቅ፣ ከሰሉ እንደ ብርቱካን ሲቀላ አንስተን እናስገባለን። ሳይቀላ የምታስገባ ሴት ባለሙያ አትባልም።

ፋይሉን ወደ ስልክ ያስገባው አንድ ባልደረባዬ ነው። የተማረ፣ ቀልጣፋ፣ በዕድሜ ከልጄ ብዙም የማይበልጥ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ሀብት ነው። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል?» አለኝ።

ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ አወጣቸው። ሰው ጥያቄ ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እሱ ያስተዳድራል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከጅግጅጋ አልፎ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ ሰው ገባበት። ደወሌ እሳት ነው፤ ማሞቂያ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ጠየቅኩት።

«እነሱማ ይሸጣሉ» አለኝ። ሳቅን።

ስለ ቤቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማዋ በተረበሸች ጊዜ፣ በመንገዱ በኩል ያለው መስኮታችን ተሰበረ። እኔንና ልጄን ጎረቤቴ ጓዳዋ ውስጥ ደብቃ አቆየችን። ሶማሌ ናት። «አባዮ» ትለኛለች፣ እኔም «አባዮ» እላታለሁ፤ እህቴ ማለት ነው። ውለታዋን በጸሎቴ ሳላነሳ የዋልኩበት ቀን የለም። ወደ ቤታችን ስንመለስ መስታወቱን አልተካሁም። መስኮቱን በላሜራ አስበየድኩት። በሩንም በላሜራ አስቀየርኩ። የፈራሁት ከውጭ የሚመጣውን ብቻ ነበር።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። ባሏ ለሥራ ድሬዳዋ ስለነበር የአራስነቷን ጊዜ እኔ ዘንድ ሆነች። መስኮቱ የተበየደውን ክፍል ሰጠኋት፤ ከቤቱ ውስጥ ነፋስ የማይገባው እሱ ብቻ ነው። አራስን ብርድ እንዳይመታት፣ ምች እንዳያገኛት የሚደረገውን ሁሉ አደረግኩ። የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ። በላዩ ወፍራም መጋረጃ ጣልኩበት። ዘይት ያለበት ማሞቂያም ገዝቼላት ነበር፤ ፋይሉ እንደሚለው መሰኪያውን አስቀይሬ።

ክርስትናው ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው መብራት ሄደ። ጠዋት የሄደ ቀትር ድረስ አልመጣም። ነፋሱ ጣሪያውን ያንኳኳል። የሕፃኑ እግር ቀዘቀዘ። ምድጃውን ደጅ አወጣሁ፣ ከሰሉን አቀጣጠልኩ፣ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። አልቸኮልኩም። ብርቱካን ሲመስል አስገባሁላት።

«እማዬ፣ አሁን ሞቀኝ» አለችኝ።

በሩን ከኋላዬ ገጠምኩት። ነጠላዬን ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነበር።

የቀረውን የማውቀው ጎረቤቴ ከነገረችኝ ነው። ለአራሷ ወተት ይዛ መጣች። የግመል እንደማንጠጣ ስለምታውቅ የፍየል ነበር። በሩን አንኳኳች፤ መልስ የለም። ከፈተችው። ሙቀቱ ፊቷን መታት። ልጄ ዓይኗ ግማሽ ተከፍቶ ተጋድማለች። ጠራቻት፤ ዝም። ሕፃኑን አየችው፤ እሱም ዝም።

ጎረቤቴ አልጮኸችም። የአባቷ ቤት ቱሊ ጉሌድ በኩል ነው። እዚያ ማሽላ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቀመጣል። ጉድጓዱ ሲከፈት ማንም ወዲያው አይገባበትም፤ ክፍቱን ይውልና ይተነፍሳል። እሷ ልጅ ሳለች አንድ ዘመዳቸው ሳይጠብቅ ወረደ። ሬሳውን በገመድ ነው ያወጡት።

«ሽታ የለውም፣ ጭስ የለውም» አለችኝ በኋላ። «ሰው ግን ዓይኑን ከፍቶ ተኝቷል። ወላሂ፣ ጉድጓዱን አወቅኩት።»

ሻሿን አፏ ላይ ጠቅልላ፣ ትንፋሿን ይዛ ገባች። ሕፃኑን አውጥታ መሬት ላይ አስተኛችው። ተመልሳ ልጄን በብብቷ ይዛ ጎተተቻት። ምድጃውን በእግሯ ገፍታ አወጣችው። መጋረጃዬ ጫፉ ተቃጠለ።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢው ሴት ሞልቶታል። ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። ተመስገን አልኩ። ልጄ ግን አላወቀችኝም።

ሐኪም ቤት ሁለቱንም ኦክስጅን አደረጉላቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው። ወደ እኔ ዞረ።

«ከሰል ነበረ?»

«ቀልቶ ነው የገባው።»

«እናቴ፣ ቀላ ጠቆረ ልዩነት የለውም። ጭሱ ስላለቀ አለቀ ማለት አይደለም። ከከሰሉ የሚወጣ ሌላ አየር አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይመጣበታል። ይተኛል። በዚያው ይቀራል።» ካርዱ ላይ እየጻፈ ደግሞ፣ «ማን ነው እንዲህ እያለ የሚያስተምራችሁ? ባለፈው የመጡት ባልና ሚስትም ቀልቶ ነው የገባው አሉኝ። ስልካቸው ላይ አንድ ወረቀት አሳዩኝ፤ በእጅ የተጻፈ።»

የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ።

በማግስቱ ልጄ «እማዬ» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ገባን። ከበሩ ሳልገባ ብየዳ የሚሠራውን ሰው ጠርቼ የመስኮቱን ላሜራ አስቆረጥኩት። ብርሃን ሲገባ ልጄ ዓይኗን በእጇ ከለለች። ተንበርክኬ ምስጋናዬን አደረስኩ። ምስጋናዬን ከጨረስኩ በኋላ ንዴቱ መጣ፤ እስካሁንም አልሄደም።

መጀመሪያ ያናደዱኝ አራስ ጠያቂዎች ናቸው። እንጀራና አጥሚት ይዘው እየመጡ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጡ ይፈርዳሉ። አንዷ «ምች ነው የመታት» ትላለች። አንዷ «ከራስጌዋ ብረት አላስቀመጣችሁም፤ አራስ ብቻዋን ትተዋለች እንዴ?» ትላለች። ከሰሉን ነገርኳቸው። «ቀልቶ አልገባም?» አሉኝ። ቀልቶ ነው የገባው ስል፣ «እንግዲያው ከሰሉ አይደለማ!» ብለው በአንድ አፍ ደመደሙ። ከማኅበራችን የመጣች ሴት ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጸሎት ጎድሏት ይሆናል» አለችኝ።

«ጸሎት አልጎደላትም። አየር ነው የጎደላት» አልኳት።

ተቀየመች። ትቀየም። እኔ ጠዋት ማታ የምጸልይ ሴት ነኝ። ልጄንም የልጅ ልጄንም የመለሰልኝ እግዚአብሔር ነው፤ ጎረቤቴን ወተት አስይዞ የላከም እሱ ነው። ምድጃውን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። የእኔን ጥፋት በሰይጣን አላመካኝም።

ሥራ ስገባ በቀጥታ ባልደረባዬ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ።

«አራተኛውን ገጽ አውጣው።»

«እግዚአብሔር ማረልዎት፣ እትዬ። ስሰማ እንዴት እንደደነገጥኩ…»

«አውጣው።»

ስልኩን አሳየኝ። «ይዩት እስቲ፣ ይኼን ሁሉ ሰው ወዶታል። ከመልሶቹ ሁሉ በጣም የተወደደው እሱ ነው። ዝም ብዬ ባጠፋው ይጮሁብኛል። ይልቅ እርስዎ ከሥሩ አስተያየት ይጻፉበት። ሰው ሁለቱንም አይቶ ይመርጣል።»

«ምኑን ነው የሚመርጠው?»

«ማለቴ፣ የተለያየ ሐሳብ አለ።»

የተለያየ ሐሳብ! በሰው ሳንባ ላይ ሐሳብ ይሰጣል። በዚህ አገር የተማረ ሰው አንድ ነገር ውሸት መሆኑን እያወቀ፣ ሰው እንዳይቀየመው ብሎ «የተለያየ ሐሳብ» ይለዋል።

ቢሆንም ጻፍኩ። ጣቴ ለስልክ አይታዘዝም፤ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ። «ይህ መልስ ስህተት ነው። ልጄና የልጅ ልጄ ሊሞቱብኝ ነበር።» ወዲያው መልስ ይዘንብ ጀመር። «እኛ በከሰል ነው ያደግነው፣ ሞትን እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላው «የፈረንጅ ፍርሃት» ይላል። ሦስተኛው «እትዬ፣ ማሞቂያ ልትሸጪ ነው?» ብሎ የሚስቅ ፊት ደርድሮበታል። ስንት ሰው አብሮት ሳቀ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩና አንድ መስመር ጻፍኩ። «የሞቱት እዚህ ገብተው አይጽፉም።»

ማታውን ሳየው የለም። ባልደረባዬን ጠየቅኩት። «ትንሽ ሰው ያስፈራል ብዬ ነው» አለኝ። እንግዲህ ማጥፋት ይችላል ማለት ነው። የእኔን አጠፋው፤ ያኛውን ተወው።

በመዝገብ ቤት ገጽ አይቀደድም። የተሳሳተ ቃል በቀለም አይደፈንም። አንድ መስመር ይሰመርበታል፤ ከሥሩ ያለው እንደሚነበብ ሆኖ ይቀራል፤ ከጎኑ ትክክለኛው ይጻፋል፤ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል። ማን እንደተሳሳተ፣ መቼ እንደታረመ ይታወቅ ዘንድ ነው። ፋይሉን ቤት ወስጄ ቀይ እስክሪብቶ አነሳሁ። በመልሱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰመርኩበት። «እናቴ» የሚለውንም ሰረዝኩት፤ እናቴን ከዚህ አወጣኋት፤ መልሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ። «ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሰል ቢቀላም ይገድላል። ሰው ወደሚተኛበት ክፍል አይግባ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሳትጠብቁ ወደ ደጅ ውጡ።» ቀኑን ጻፍኩ። ፈረምኩ።

ጎረቤቴ ከኋላዬ ቆማ ስጽፍ ታየኝ ነበር። አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትወድም።

«አባዮ፣ ይህን ማን ያነበዋል?» አለችኝ። «ወረቀት ነው የገደለሽ፣ በወረቀት ነው የምትድኚው?»

ስልኳን አወጣችና ግቢው መሐል ቆማ በሶማሊኛ መናገር ጀመረች። ጉድጓዱን ተናገረች፤ ዘመዷን፤ ገመዱን። ከዚያ የእኔን ቤት ተናገረች። የምትሰማትን ሴት ሁሉ «ኤዶ» ትላለች፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ድምፁን ለእህቶቿ ላከችው። ከቀናት በኋላ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ስልኳን ከፍታ ያንኑ ድምፅ ስታሰማ ሰማሁ። ቆሜ አዳመጥኩ። ጉድጓድ ያወቀ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የአማርኛው ገጽ ግን ቀጥሏል። ቅዳሜ ከሰዓት ፋይሉን በነጠላዬ ጠቅልዬ የባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት። እርጉዝ መሆኗን አላውቅም ነበር። ቀኗ የደረሰ ይመስላል። ከኋላዋ ግቢው ውስጥ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ካርቶን በእጇ ይዛለች።

«ውይ እትዬ፣ ይግቡ። ብርዱ አላስቀምጥ ብሎኝ ቤቱን ላሞቅ ነው። ጭሱ እስኪያልቅ እየጠበቅኩ ነው።»

አልተቀመጥኩም። ፋይሉን ከፈትኩና አራተኛውን ገጽ ሰጠኋት። ጥቁሩን አነበበች። ቀዩን አነበበች። እንደገና ጥቁሩን አነበበች። ምድጃውን ዞር ብላ አየችው።

«ቀልቶ ከገባም?»

«ቀልቶ ከገባም።»

ባልየው ከውስጥ ወጣ። «እትዬ! ምነው በሰላም ነው?»

«ስልክህን አምጣው» አለችው ሚስቱ።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«አምጣው አልኩህ! አንተ ይህን እያወቅህ ነው እኔ እዚህ ምድጃ የማራግበው?»

«ቆይ፣ በደንብ ሳላጣራ ነው እንጂ…»

«ስንት ሰው ወደደው? እነሱ መጥተው ይወልዱልሃል?»

ስልኩን አወጣ። እኔና ሚስቱ እያየነው አራተኛውን ገጽ አጠፋው፤ ቀይ የተሰመረበትን ፎቶ አንስቶ በቦታው አደረገው። ምድጃው ደጅ ቀረ። «ይቅርታ፣ እትዬ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ነው ያለኝ፤ ከልቡ ነው። ተቀበልኩት። ልቀበለው ይገባኛል፤ እኔም ይቅርታ የሚያስፈልገኝ ሰው ነኝ። ሴት ልጅ ወለዱ፤ ደህና ናት፤ ተመስገን።

ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። ጡረታ ስወጣ ፋይሉን አስረክቤ ነው የወጣሁት፤ ተረካቢዋ ፈርማ ተቀብላኛለች። ገጾቹ ጨምረዋል። ስለ ጭስ ማውጫ አለ፣ ስለ ውሃ ማሞቂያው የመሬት ሽቦ አለ። አራተኛው ገጽ ቀይ መስመሩን ይዞ በቦታው ነው።

የድሮው ፎቶ ግን አልሞተም። ባልደረባዬ ከማጥፋቱ በፊት ሰው ለሰው ልኮታል፤ ያም ለሌላ ልኳል። ኅዳር ሲገባ ከየትም ይመጣል። ከዘመድ ይመጣል፣ ከማኅበር ይመጣል፣ «ጠቃሚ መረጃ» ተብሎ ይመጣል። የሚልኩልኝ የማን እጅ እንደሆነ አያውቁም። እኔ አውቀዋለሁ፤ «ቀ»ዬ ከሩቅ ያስታውቃል። ለእያንዳንዱ እመልሳለሁ። ወሬ የማላበዛው ሴት፣ አንድን ነገር አሥር ጊዜ መንገር የሚሰለቸኝ፣ አሁን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። የእጄ ነው፤ ይገባኛል።

ዘንድሮ ከቱሊ ጉሌድ አንዲት የማላውቃት ሴት ላከችልኝ። ቁጥሬን ከጎረቤቴ ዘመዶች ነው ያገኘችው። ፎቶው የእኔ ነው፤ ቀይ የሌለበት። ከሥሩ «እውነት ነው ወይ? ቤቴ ውስጥ አራስ አለች» ብላለች።

«አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምድጃውን አሁኑኑ አውጪው። በሩን ክፈቺ።»

ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ሳልጨርስ መልሷ ገባ።

«ወጥቷል። በሩም ተከፍቷል፤ እየበረደን ነው።»

«ይብረዳችሁ። ብርድ ልብስ ደርቡላት» አልኳት።